ስቲኩ ዝም ሲል
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ለዓምዱ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድ ጉዳይ የሚያነሡ ሆነው አገኘናቸው፤ ይኸውም በኪት (ክፍሎቹ ተዘጋጅተው በሚሸጡበት ጥቅል) ተገዝተው በግለሰብ እጅ የሚገጣጠሙ ትንንሽ አውሮፕላኖች በአብራሪው እጅ ላይ የሚያሳድሩት ስሜት ነው። አዲስ አበባ መሐል ተቀምጦ ስለዚህ መጠየቅ ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ውጭ አገር ወንድም ያለው ወይም ልጁ አቪዬሽን የሚማርለት ቤተሰብ በዚህ ከተማ ጥቂት አይደለም፤ የዚህ ዓምድ አዘጋጅም የሥራ ዘመኑን የጨረሰው በሃንጋር ውስጥ የአውሮፕላን ኬብል ሲወጥርና ሲያላላ ስለሆነ፣ ደብዳቤዎቹ ደስ አሰኝተውታል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ነው። ባለ ሁለት መቀመጫ የአልሙኒየም አውሮፕላን በኪት ገዝቶ ስድስት ዓመት ከደከመ በኋላ ባለፈው ዓመት አበረራት። እኔም ሁለት ክረምት እዚያው ሄጄ ላሜራ ይዤለታለሁ፤ ብሎንም አጥብቄለታለሁ። አሁን በደወለ ቁጥር አንድ ቅሬታ ያነሣል፦ ስቲኩን (አውሮፕላኗን የሚመራበትን ዘንግ) ጥቂት ስቦ ሲለቀው አውሮፕላኗ ወደ ቀድሞ ፍጥነቷ አትመለስም፤ ባቆማት ላይ ትቀራለች። የአንድ ሰዓት መንገድ የሦስት ሰዓት ያህል ያደክመዋል። የሚያውቁት ሰዎች ስቲኩን ወደ መሐል የሚመልስ ሞላ እንዲገጥምበት መክረውታል። ሞላው መፍትሔ ይሆናልን? ብሎኖቹን ያጠበቅኩት እኔ ስለሆንኩም ጥፋቱ የእኔ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ኩሽኔታ መለወጥ ካስፈለገም ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ልልክለት እችላለሁ።
ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ፣ ፒያሳ

መልስ፦ ሞላውን ለጊዜው እንዲተወው ይንገሩት። የእርስዎን ብሎኖች በተመለከተ ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ ልናወጣዎ አንችልም፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ጤናማ አውሮፕላን በአንድ ፍጥነት ላይ በትሪም (እጅ ሳይጫነው ፍጥነቱን እንዲይዝ በሚያደርገው ማስተካከያ) ከተስተካከለ በኋላ ያንን ፍጥነት እንደ ቤቱ ይቆጥረዋል። አብራሪው ስቲኩን ስቦ ፍጥነቱን ሲቀንስ ስቲኩ ወደ ፊት ልሂድ ብሎ እጁን ይታገለዋል፤ ገፍቶ ሲያፈጥነው ደግሞ ወደ ኋላ ልመለስ ይላል፤ ከቤቱ በራቀ ቁጥርም ትግሉ ይበረታል። ይህ ትግል አብራሪውን ለማስቸገር የመጣ ሳይሆን፣ ዓይኑ ከመስኮት ውጭ እያለ ምን ያህል እንደዘገየ ወይም እንደፈጠነ እጁ ላይ የሚነግረው መልእክት ነው። ወንድምዎ «ባቆምኳት ትቀራለች» ሲል ይህ መልእክት አልደረሰኝም ማለቱ ነው። መልእክቱን የሚያስቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በመቆጣጠሪያው መስመር ውስጥ ያለ ሰበቃ ነው፤ ሁለተኛው የክብደት ማእከሉ (የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ) ወደ ኋላ መሸሽ ነው። እጅ ላይ ሲደርሱ መንታ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ሰበቃውን በቁጥር እንየው። አውሮፕላኑ ከትሪም ፍጥነቱ በራቀ በእያንዳንዱ ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) 100 ግራም ኃይል ስቲኩ ላይ የሚፈጥር ነው እንበል፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ሰበቃ ደግሞ 500 ግራም ይሁን። ኃይሉ ሰበቃውን የሚያሸንፈው ፍጥነቱ ከ5 ኖት በላይ ሲርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከትሪሙ 5 ኖት በታች ቢሆንም፣ 5 ኖት በላይ ቢሆንም ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አብራሪውም 10 ኖት ስፋት ባለው ሜዳ ውስጥ ቤቱን ሲፈልግ፣ ትሪም ሲነካካ ይውላል። በፋብሪካ ለሚመረቱ ትንንሽ አውሮፕላኖች በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ይሠራበት የነበረው ደንብ፣ ስቲኩ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ ፍጥነቱ ከትሪሙ በ10 በመቶ ልዩነት ውስጥ እንዲመለስ ያዝዝ ነበር። የእኛ ምሳሌ በ100 ኖት ላይ ይህን ፈተና ያልፋል፤ ነገር ግን ፈተና ያለፈ ሁሉ አብሮት ለመጓዝ ይመቻል ማለት አይደለም። በግለሰብ የሚሠራ አውሮፕላን በደንቡ ባይገደድም፣ በመለኪያው መጠቀም ማንንም አይከለክልም።

ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ዓሣ አጥማጆች የሚይዙት ዓይነት ባለ መንጠቆ የሞላ ሚዛን ይበቃል። አውሮፕላኑ ነፋስ በሌለበት ሃንጋር ውስጥ ይቁም፤ ሚዛኑ አብራሪው ስቲኩን በሚጨብጥበት ቦታ ይታሰር፤ ከዚያ በጣም በዝግታ ወደ ኋላ እየተሳበ ስቲኩ መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚታየው ቁጥር ይመዝገብ፤ ወደ ፊትም እንዲሁ ይደረግ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ አይደንግጥ፤ ኤሌቬተሩ (አፍንጫውን የሚያነሣውና የሚያወርደው የጅራት ክፍል) በራሱ ክብደት ወደ አንድ በኩል ስለሚያጋድል ነው። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲከፈሉ ሰበቃው ይገኛል፤ ልዩነታቸው ለሁለት ሲከፈል ደግሞ የክብደቱ ማጋደል ይገኛል። የአሜሪካ ጦር ኃይል ለትንንሽ አውሮፕላኖች ያወጣው የቆየ መስፈርት፣ ሰበቃን ጨምሮ ስቲኩን ከቦታው ለማነቃነቅ የሚጠይቀው ኃይል በኤሌቬተር በኩል ከ1.4 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ይላል። በእኔ ግምት ለእንደ ወንድምዎ ላለ ቀላል አውሮፕላን ይህ እጅግ የበዛ ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ካለፈ መፈተሽ መጀመር ይገባዋል።

ፍተሻው ከስቲኩ ተነሥቶ ወደ ጅራት እየተራመደ፣ በየመገናኛው አንድ ብሎን እየተፈታና ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ብቻውን እየተንቀሳቀሰ ቢሄድ ይመረጣል። የአውሮፕላኑ ኤሌቬተር በፑሽ ሮድ (በሚገፋና በሚሳብ ዘንግ) የሚሠራ ከሆነ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ሮዱ በሁለት ጫፉ እንደ ታሰረ፣ በመሐሉ በሁለት ጣት ተይዞ በራሱ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ጥቂት ፈቅ ማለት አለበት፤ ይህም ስቲኩ መሐል ላይ ሲሆን ብቻ ሳይሆን፣ እስከ መጨረሻው ሲሳብና እስከ መጨረሻው ሲገፋም ነው። ፈቅ የማይል ከሆነ በጫፉ ያለችው ሮድ ኤንድ የምትባለው ባለ ኳስ ኩሽኔታ ጠማማ ሆና ተቀምጣለች፤ ወይም ደግሞ፣ ወደ እርስዎ መጣን፣ በሹካውና በኩሽኔታዋ መካከል መግባት የነበረባት ሮንዴላ ሳትገባ ብሎኑ ጠብቆ ሹካውን በማጣመም ኩሽኔታዋን አንቋታል። ይህን ለማረጋገጥ ሥዕሉን ከፍቶ ሮንዴላዎችን አንድ በአንድ መቁጠር ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ከዚህ ይልቅ ተራ ናቸው፤ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ የደረቀ ቀለም፣ ከስቲኩ ሥር አቧራ እንዳይገባ የሚለበጠው ቆዳ፣ የአውቶፓይለቱ ሞተር ሲጠፋም ቢሆን በመስመሩ ላይ ተጣብቆ መኖሩ፣ የኤሌቬተሩ ሚዛን የእርሳስ ብረት ያለበት ቀንድ የጅራቱን ጠርዝ መታከኩ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአንድን ትንሽ አውሮፕላን የከበደ ኤይለሮን (ክንፉን ወደ ጎን የሚያጋድለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ ፈልገናል። በመጨረሻ የተገኘው፣ ሬዲዮ የገጠመ ሰው ከወለሉ በታች ሽቦ አስሮ ሳይቆርጠው የተወው የፕላስቲክ ማሰሪያ ጫፍ ነበር። ስቲኩ በዞረ ቁጥር ጫፉ ሮዱን ይልሰው ስለነበር በአረንጓዴው ቀለም ላይ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር አስምሯል። መስመሯን ያየናት ወለሉን ፈትተን ባትሪ በጎን ስናበራ ነው፤ ከላይ ሲበራ አትታይም ነበር።

ሰበቃው ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ክብደት ማእከሉ ይዞራል። ማእከሉ ወደ ኋላ በሄደ መጠን አውሮፕላኑን ከቤቱ ለማራቅ የሚያስፈልገው ኃይል እየቀለለ ይሄድና፣ አንድ ነጥብ ላይ ሲደርስ ፈጽሞ ይጠፋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሌቱን ለመነሻ ብቻ ስለሚሠሩ ነው። ነዳጅ በክንፉ የፊት ጠርዝ ውስጥ በሚቀመጥባቸው ኪቶች፣ ለምሳሌ ታዋቂዎቹ የአርቪ ሞዴሎች እንዲህ ናቸው፣ የነዳጁ ቦታ ከክብደት ማእከሉ ፊት ስለሆነ ነዳጁ በተቃጠለ ቁጥር ማእከሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሻንጣ የጫነ፣ ሰው ያሳፈረ አውሮፕላን ስሜቱ እጅግ የሚሳሳው በመነሻው ሳይሆን በማረፊያው ሰዓት፣ አብራሪውም በደከመበት ጊዜ ነው። ወንድምዎ ቅሬታው ብቻውን ሲበርም እንዳለ፣ ወይስ ሰውና ዕቃ ሲጭን ብቻ እንደሚመጣ ቢጠይቁት ግማሹን ምርመራ ከፒያሳ ሆነው ጨረሱለት ማለት ነው።

ወደ ሞላው ስንመለስ፣ ስቲኩን ወደ መሐል የሚመልስ ሞላ የሚያውቀው ስቲኩ የት እንዳለ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አያውቅም። በሰበቃ ላይ ሲጨመር ስቲኩን ይመልሰው ይሆናል፤ ነገር ግን አብራሪው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሞላውን ድምፅ እንጂ የአውሮፕላኑን አይደለም። የክብደት ማእከሉ ከኋላው ገደብ ያለፈ እንደሆነ ደግሞ ሞላው አደጋውን ከእጅ ይሰውረዋል፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ኤሌቬተሩን ዘወትር ወደ ታች የሚስብ ሞላና በስቲኩ መስመር ላይ የሚንጠለጠል ክብደት በአንዳንድ ፋብሪካ ሠራሽ አውሮፕላኖች ውስጥ እንዳሉ አንክድም፤ እነዚያ ግን በስሌትና በበረራ ሙከራ የገቡ ናቸው። አምራቹ ያላዘዘውን ሞላ መጨመር አዲስ ንድፍ መሥራት ስለሆነ፣ ከባድ ለውጥ የሚጠይቀውን የሙከራ በረራ ሁሉ ይጠይቃል።

የሶማሌ ተራውን ኩሽኔታ በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ አይላኩ። ለላዳ መሪ የሚበቃ ኩሽኔታ ከምን ብረት እንደተሠራና ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚመሰክር ወረቀት የለውም፤ አውሮፕላን ደግሞ በመንገድ ዳር ቆሞ መካኒክ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለበረራ ሲሙሌተር የሚሆን ስቲክ ከነፔዳሉ እየሠራን ነው። ብረቱንና ኩሽኔታውን ከሚናሌሽ ተራ ገዛን፤ ሞላዎቹንም ራሳችን መረጥን። የሞከሩት ሰዎች ግን «አይጣጣምም» ይሉናል፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አያብራሩም። የመቆጣጠሪያዎች መጣጣም የሚባለው ምንድን ነው? በቁጥርስ ይገለጻል?
ልጅዎ፣ ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ይገለጻል፤ ቁጥሩ ግን ሕግ ሳይሆን የቆየ ልምድ ነው። ኤይለሮኑን ለማንቀሳቀስ የሚጠይቀው ኃይል 1 ቢሆን፣ ኤሌቬተሩ 2፣ ረደሩ (በፔዳል የሚሠራውና አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት ክፍል) ደግሞ 4 ያህል ቢሆኑ ለአብዛኛው አብራሪ ይመቻል ተብሎ ከተነገረ ብዙ ዘመኑ ነው። ምክንያቱም ከሰው አካል የመጣ ነው። ስቲክን በእጅ አንጓ ወደ ጎን ከማጋደል ይልቅ በክንድ ወደ ራስ መሳብ ይቀላል፤ እግር ደግሞ ከሁለቱም እጅግ ይበረታል፤ ቀላል ፔዳል ላይ ያረፈ ከባድ እግር ሳያስበው ረደር ይረግጣል። ከዚህም ሌላ ኤሌቬተር ያለ አግባብ ቢቀልል ክንፉን ከአቅሙ በላይ ማስጫን ይቻላል፤ ኤይለሮን ቢቀልል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው መቅበጥበጥ ነው። የአርቪ ኪቶች በአብራሪዎች ዘንድ ከተወደዱባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው መጣጣም ነው።

ስቲካችሁን ሳላየው ልፍረድና፣ የተሳሳታችሁት በሁለት ነገር ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሞላው ራሱ ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ኤሌቬተርን በአንድ ዲግሪ ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል፤ በ120 ኖት ላይ ያለው በ60 ኖት ላይ ከነበረው አራት እጥፍ ነው። ለዚህ ነው አውሮፕላን ለማረፍ ሲዘገይ ስቲኩ የሚላላው፤ አብራሪውም በመላላቱ መዘግየቱን የሚያውቀው። የእናንተ ሞላ በ60ም በ120ም አንድ ነው። ሞላውን የሚይዘውን ጫፍ በትንሽ ሞተር እያቀረባችሁና እያራቃችሁ፣ ከሲሙሌተሩ ፍጥነቱን እየተቀበላችሁ ብታጠነክሩትና ብታላሉት፣ ፕሮጀክታችሁ ከመጫወቻነት ወደ መሣሪያነት ይሸጋገራል። ሞተር ካልተገኘ ቢያንስ የኤሌቬተሩን ሞላ ከኤይለሮኑ በእጥፍ አጠንክሩት።

ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው። ሚናሌሽ ተራን አልወቅስም፤ የእኔም ትውልድ እጁን ያፍታታው እዚያው ነው። ነገር ግን ያገለገለ ኩሽኔታ ወይ ላሽቋል ወይ ግራሶው ደርቋል። የላሸቀው መሐል ላይ ምንም የማይሠራ ባዶ ክፍተት ይፈጥራል፤ የደረቀው ደግሞ ለመነሻ ይከብድና ከተነሣ በኋላ ይፈተለካል። ሁለቱም «አይጣጣምም» ለሚባለው በቂ ምክንያት ናቸው። በኬሮሲን እጠቡት፣ በእጅ አሽከርክሩት፣ የሚያንኳኳውን ጣሉት።

«ምን ማለታቸው እንደሆነ አያብራሩም» ያልከው ደግሞ የእናንተ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 የታተመውና ሮበርት ጊልሩዝ ለአሜሪካው የበረራ ምርምር ኮሚቴ ለናካ ያዘጋጀው ጥናት የተነሣው ከዚሁ ነው፤ አብራሪዎች «ጥሩ ነው»፣ «አስቸጋሪ ነው» ከማለት በቀር ስለማያብራሩ፣ አባባላቸውን በመሣሪያ ወደሚለካ መስፈርት ለመለወጥ። ሰውየው ኋላ ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን የሂውስተን ማእከል መርቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ኩፐርና ሃርፐር የተባሉ ሁለት ሰዎች ከ1 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ በናሳ በኩል አወጡ፤ 1 የላቀ፣ 10 የማይበረር። የመለኪያው ብልሃት አብራሪውን «ወደድከው?» ብሎ አለመጠየቁ ነው፤ የተወሰነ ሥራ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ሥራውን በሚፈለገው ልክ ለመፈጸም ምን ያህል እንደለፋ ይጠይቀዋል። እናንተም ሰው ስታስቀምጡ ዝም ብሎ እንዲበር አትፍቀዱለት። «ከፍታውን ሳትለቅ፣ ክንፉን 30 ዲግሪ አጋድለህ አንድ ዙር ዙር» በሉትና ከወረደ በኋላ ምን ያህል እንደለፋ ጠይቁት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ለማስተማሪያ ስለሚመች ነው። የኤይለሮን የኋላ ጠርዝ ላሜራው ታጥፎ የሚዘጋበት ነው። እጥፋቱ በደንብ ሳይጠብቅ ክብ ሆኖ ቢቀር፣ ጠርዙም ጥቂት ቢነፋ፣ በዚያ ላይ የሚያልፈው አየር ኤይለሮኑን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ግፊት ይቀንሰውና ስቲኩ ይቀልላል፤ ከበዛም ኤይለሮኑ ራሱ ወደ ጥጉ ልሂድ ይላል። አንዱ ክንፍ ላይ ብቻ ሲሆን አውሮፕላኑ ወደ ጎን ያጋድላል። ልዩነቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው፤ ሠሪው ላሜራውን ሲያጥፍ ሰኞና ሐሙስ እኩል ኃይል ካልተጠቀመ ይመጣል። አንድ ኪት፣ አንድ ሥዕል፣ ሁለት ቤት ውስጥ ሲሠራ ሁለት ጠባይ ያለው አውሮፕላን የሚወጣው በእንዲህ ያለው ነው።

ጥያቄ፦ በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት የምሠራ መሐንዲስ ነኝ። በባሕር ጠረፍ ደረጃ ጥሩ ስሜት ያለው የኪት አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ቢበር ስሜቱ ይለወጣልን? አየሩ ስለሳሳ ስቲኩ ይላላል የሚል ክርክር ከባልደረባዬ ጋር ገጥሜ ምሳ አስይዣለሁ።

መልስ፦ ምሳው የማን እንደሆነ የሚወሰነው «ይላላል» ያለው ማን እንደሆነ ነው፤ ያ ሰው ተሸንፏል። ስቲኩ ላይ የሚሰማው ኃይል የሚከተለው የአየሩን ግፊት ነው፤ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየውም ያንኑ ግፊት ነው። ስለዚህ መርፌው 100 ኖት ላይ እስካለ ድረስ ስቲኩ አዲስ አበባም ሞቃዲሾም ሊባል በሚችል ደረጃ አንድ ነው።

ሌላው ሁሉ ግን ይለወጣል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ገደማ ነው፤ በ22 ዲግሪ ቀን አየሩ በመደበኛው ሠንጠረዥ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ያህል ይሳሳል። በዚያ ቀን መርፌው 100 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት የሚጓዘው ወደ 117 ኖት ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሲሶ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ያጣል። በተለመደው መርፌ ሲያርፍ ጎማው መሬት የሚነካው ከወትሮው በሚበልጥ ፍጥነት ስለሆነ፣ ፍሬኑ ማቆም ያለበት ጉልበት ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ኤይለሮኑ በእኩል መታጠፍ ክንፉን በፍጥነት ያዞረዋል፤ በአንጻሩ አየሩ አውሮፕላኑን የሚያረጋጋበት ኃይል ስለሚቀንስ፣ ከተነቃነቀ በኋላ አፍንጫው ለመርጋት ጥቂት ይዘገያል። አብራሪው ይህን ሲገልጽ ስቲኩ ላላ ይላል፤ «ይላላል» ያለው ሰው ስሕተት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የላላው አየሩ ነው።

ቀልድ የሌለበት አንድ ነጥብ አለ። ፍላተር የሚባለው፣ መቆጣጠሪያ ክፍሎች በአየር ፍሰት ተነሥተው የሚንቀጠቀጡበትና በሴኮንዶች ውስጥ ጅራት ሊገነጥል የሚችለው ክሥተት፣ በዋናነት የሚከተለው እውነተኛውን ፍጥነት እንጂ መርፌውን አይደለም። የአምራቹ ገደብ በእውነተኛ ፍጥነት 200 ኖት ከሆነ፣ ከላይ በጠቀስነው አየር ውስጥ መርፌው 171 ሲደርስ ገደቡ ደርሷል፤ በመለኪያው ላይ የተሰመረው ቀይ መስመር ግን ገና ሩቅ ይመስላል። እጅም አያስጠነቅቅም፤ ስቲኩ ከላይ እንዳልነው የሚያወራው ስለ መርፌው ነውና። ኤሌቬተሩ ወይም ኤይለሮኑ ቀለም በተቀባ ቁጥር የሚዛን ክብደቱ እንደገና መለካት ያለበትም ለዚሁ ነው፤ ከማጠፊያው በስተ ኋላ የተጨመረ ጥቂት ግራም ቀለም ከፊት ያለውን እርሳስ ያሸንፋል።

እ.ኤ.አ. በ1935 በዚህችው ከተማ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችውና እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ሥራዋ ሁሉ የተጀመረው በዚህ ስስ አየር ውስጥ ነው። ሠሪዎቿ ከፍታን በኋላ የሚጨመር እርማት አድርገው ለማየት ዕድሉ አልነበራቸውም።

ጥያቄ፦ የበረራ ትምህርቴን የተማርኩት በሴስና 172 ነው። በቅርቡ ለዕረፍት ውጭ አገር ሄጄ ሳለሁ አንድ ወዳጄ ራሱ የገጣጠመውን ባለ ስቲክ አውሮፕላን እንዳበርር ፈቀደልኝ። ገና ከመሬት እንደተነሣን አፍንጫው እንደ ደነበረ ፈረስ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘልል ጀመር፤ ባስተካከልኩት ቁጥር ባሰበት። ወዳጄ ስቲኩን ሲቀበለኝ ወዲያው ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በራሴ ችሎታ መተማመን አቅቶኛል።
ከስታዲየም አካባቢ

መልስ፦ እመቤት፣ ፈረሱን ያስደነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ግን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የሴስና 172 መሪ በኬብል የሚሠራ፣ ከበድ ያለና ርቆ የሚሄድ ነው፤ እጅዎ ለዓመት ያህል የለመደው ያንን ርቀትና ያንን ክብደት ነው። የወዳጅዎ ስቲክ ምናልባት በሁለት ሴንቲ ሜትርና በጥቂት መቶ ግራም ያንኑ ሥራ ይሠራል። የሰው ዓይን አይቶ እጁ እስኪታዘዝ ጥቂት ጊዜ ያልፋል፤ ቀላል አውሮፕላን በዚያች ቅጽበት ውስጥ ከተባለው በላይ ሄዶ ይጠብቃል። ማስተካከያው ዘግይቶ ስለሚደርስ መመለሱን ከመርዳት ይልቅ ቀጣዩን መዝለል ይገፋዋል። ከላዳ የወረደ ሹፌር በቪትዝ መሪ ቸርችል ጎዳናን ሲወርድ የሚሠራውን ያስቡ፤ መሪውን በላዳ ልማድ ሲጠመዝዘው መኪናው ከረድፉ ይወጣል። ልዩነቱ ቪትዙ ወደ ጎን ብቻ ይወጣል፤ እርስዎ ደግሞ መሬት አጠገብ ነበሩ።

ወዳጅዎ ሲቀበል ወዲያው የረጋው በተአምር አይደለም፤ ምናልባት ያደረገው ምንም አለማድረግ ነው። ዙሩ ሲጀምር መድኃኒቱ ስቲኩን መሐል አካባቢ ያዝ አድርጎ ማሳደዱን ማቆም ነው፤ ጤናማ አውሮፕላን ለራሱ ከተተወ ራሱ ይረጋል። ማረፊያ ላይ ከሆነ ግን ለመርጋት የሚበቃ ከፍታ ስለሌለ ጋዝ ሰጥቶ መነሣት ነው። ክንድን ጭን ላይ አሳርፎ ስቲኩን በሙሉ እጅ ሳይሆን በጣቶች መያዝም ይረዳል፤ የአውሮፕላን ነዳፊው በርት ሩታን በሠራቸው የቫሪኢዝና የሎንግኢዝ አውሮፕላኖች ላይ ትንሿ ስቲክ በጎን፣ ክንድ ማሳረፊያ አጠገብ የተቀመጠችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወዳጅዎን ግን ጥቂት እንወቅሰዋለን። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ላይ እንግዳ ሰው ስቲኩን የሚረከበው ከመሬት ሲነሣ ሳይሆን ቢያንስ 3,000 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም ወደማይታወቅ አውሮፕላን ስለ መሸጋገር የምክር ሰነድ አውጥቷል። በዚያ ከፍታ ላይ አፍንጫውን በሁለት ዲግሪ ብቻ አንሥቶ ማቆም፣ በሁለት ዲግሪ አውርዶ ማቆም፣ ከዚያ ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ የሚወጣውን ክፍል) አውጥቶና ፍጥነት ቀንሶ ያንኑ መደጋገም በሃያ ደቂቃ ውስጥ እጅን ያስለምዳል። በሚቀጥለው ጉዞዎ ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ሻንጣዎ የት እንደተጫነ ይዩ፤ ከወንበሩ ኋላ ከሆነና ነዳጁም ከተጋመሰ፣ ለፒያሳው አንባቢ የነገርነው የክብደት ማእከል ነገር የእርስዎንም ፈረስ ያስደነበረ ሊሆን ይችላልና፣ ወዳጅዎ ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት።